የምንይችል እጅ

ምንይችል ግራኝ ነበር። ከጎጃም ለሰሊጥ አጨዳ ኮኪት የወረደ ጊዜ ከሰው መሀል አሰልፈውት ማጭዱ ከጎረቤቱ ማጭድ ጋር ሲጋጭ ዋለ። በማግስቱ ካቦው "ይሄ ግራኝ ሰው ሳይፈጅብን ዳር ይያዝ" ብሎ የመደዳውን ጫፍ ሰጠው። እኔ የምሸጠውን ሻይ ይዤ ወደ እርሻው ስሄድ ታዲያ መጀመሪያ የማገኘው እሱን ሆነ። ብርጭቆውን በግራው ሲቀበለኝ "ምነው፣ እናትህ አልመከረችህም?" አልኩት።

"መክራኝ ነበር፤ እጄ አልሰማ አላት" አለኝ። በዚሁ ተጋባን ማለት ይቻላል።

ሁለት አጨዳ አብረን ኖርን። በሦስተኛው፣ ጥቅምት ላይ፣ ምንይችልን ወባ በአምስት ቀን ወሰደብኝ። የስድስት ወር እርጉዝ ነበርኩ። የቀረኝ ማጭዱና ላቡን የሚጠርግባት ሰማያዊ ፎጣ ብቻ ነው፤ ፎቶ እንኳ የለውም።

ልጄን ሉሊት አልኳት። ስድስት ወር ሲሆናት ማንኪያ ባሳያት በግራዋ፣ ቢስኩት ብሰጣት በግራዋ፣ ጸጉሬን ስትጎትት በግራዋ ሆነ። መጀመሪያ አለቀስኩ። ከዚያ ሻይ የሚጠጡትን ሾፌሮች "ኑ እዩ፣ ቁርጥ አባቷን" እያልኩ ጠራሁ። ሞት ሁሉንም አልወሰደውም፣ እጁን ትቶልኛል ብዬ አሰብኩ። ደስታዬን የነካብኝን ሰው አልምርም ነበር።

የነኩብኝ ጎረቤቴ እማማ ታይቱ ናቸው። ስምንት ልጅ ያሳደጉ ሴት ናቸው።

"አንች ሀብትነሽ፣ ይችን ግራዋን በጨርቅ እሰሪያት። በግራው የሚበላ ልጅ ከሰው ገበታ አይቀርብም" አሉኝ።

"አላስራትም፣ እማማ።"

"ቀኟንስ አይተሻታል? ጭብጥ እንዳረገቻት እኮ ነው የምትውል።"

"ስለማትፈልጋት ነዋ። አባቷም እንደዚሁ ነበር።"

ዋሸሁ። ምንይችል በግራው ሲያጭድ ሰሊጡን ጠቅልሎ የሚይዘው በቀኙ ነበር፤ ስንት ቀን ቆሜ አይቼዋለሁ። እያወቅሁ ዋሸሁ፤ ውሸቴንም ራሴ አመንኩት። ከእሳቸው ጋር ከዚያ ወዲያ እሳት እንኳ አልተጫጫርንም።

እኩዮቿ ሲድሁ ሉሊት በአንድ ጎኗ ተጎተተች። ስለወፈረች ነው አልኩ። ቆማ መሄድ ስትጀምር ቀኝ እግሯን በጣቷ ብቻ ረገጠች። ይህንንም ለማንም አላነሳሁም።

ዓመት ከዘጠኝ ወር ሲሆናት ለክትባት ጤና ጣቢያ ወሰድኳት። ነርሱ አለምሰገድ ካርዷን ሲጽፍ እስክሪብቶውን በግራዋ ነጠቀችው።

"ግራኝ ናት፤ በአባቷ ወጥታ ነው" አልኩ፣ እየኮራሁ።

እሱ አልሳቀም። ግራዋን ቀስ ብሎ ያዘና እስክሪብቶውን በቀኟ በኩል ዘረጋላት። ሉሊት እስክሪብቶውን አየች። ክንዷ ትንሽ ተነሳ፤ ጭብጧ ግን አልተፈታም። ደጋግማ ሞከረችና አለቀሰች። ልጄ የምትፈልገውን ነገር መያዝ አቅቷት ያየሁት ያን ቀን ነው፤ ሁልጊዜ ግራዋ ይቀድም ነበርና።

"ከስንት ወሯ ጀምሮ ነው በግራዋ ብቻ?" አለኝ።

"ከስድስት።"

"እህቴ፣ ልጅ ዓመት ሳይሞላው እጅ አይመርጥም፤ በሁለቱም ነው የሚይዘው። ቀድሞ አንዱን ብቻ ከያዘ ሌላው እምቢ ብሎት ሊሆን ይችላል። ጎንደር ውሰጃት።"

ወሰድኳት። ሐኪሟ ከመወለዷ በፊት ወይም ስትወለድ አንጎሏ ተጎድቷል፣ ቀኝ ጎኗም ለዚህ ደክሟል አሉኝ። ለጉዳቱ ማንም ጥፋት የለበትም አሉ። መቼ እንዳየሁት ስነግራቸው ግን "ያኔ ብታመጫት ይሻል ነበር" አሉኝ። ሳይቃጠል በቅጠል ይባላል፤ እኔ እሳቱን እያየሁ ከዓመት በላይ ጨፈርኩበት።

ከዚያ የሚሠራውን አሳዩኝ፦ እጇን ማሸት፣ ጣቶቿን ማፍታታት። በመጨረሻ "በቀን ሁለት ሰዓት ግራዋን በለስላሳ ጨርቅ ጠቅልይና በቀኟ አጫውቻት" አሉኝ።

ከጎንደር ኮኪት ድረስ መኪናው ውስጥ አለቀስኩ። ግራዋ የምንይችል አልነበረችም። ቀኟ ስላቃታት የቀረቻት እጅ ነበረች። ባሌን ያን ቀን እንደገና ቀበርኩት።

ስደርስ መጀመሪያ የሄድኩት እማማ ታይቱ ቤት ነው። ጉልበታቸውን ስሜ ሁሉንም ነገርኳቸው። "አይ ልጄ፣ እኔስ ምን አውቄ፤ ለገበታ ብዬ እንጂ" አሉና አብረውኝ አለቀሱ።

እዚያው መደብ ላይ ተቀምጬ በሰማያዊዋ ፎጣ የሉሊትን ግራ እጅ ጠቀለልኩ። ጮኸች። እጇን ነጥቄ የደበቅኩባት ይመስል ትመለከተኝ ነበር።

"ልፍታላት እንዴ?" አሉ እማማ ታይቱ፣ መቻል አቅቷቸው።

"ይተዉ እማማ።"

ደጃፋቸው ላይ የዘንድሮ ሰሊጥ ነዶ ተደግፎ ነበር። አንድ አገዳ መዝዤ የቀኟን ጣቶች አንድ በአንድ ከፈትኩና አስያዝኳት።

"አባትሽ ሰሊጡን የሚይዘው በዚች ነበር" አልኳት።

አገዳው ወደቀ። አንስቼ እንደገና አስያዝኳት።