የሐሙስ ጠዋት ጥያቄ

«ለመሆኑ ነግሮሽ ነበር?» አሏት እናትየው፣ የሻዩን ብርጭቆ ካቀበሏት በኋላም እጃቸውን ከላዩ ሳያነሡ። «ደረቴን ይጫነኛል፣ ትንፋሽ ያጥረኛል ብሎ ነግሮሽ ነበር?»

ልጃቸው ከተቀበረ ገና ሦስት ሰዓት አልሞላውም። ሳሎኑ ከየጎረቤቱ በውሰት በመጡ ወንበሮች ጥግ እስከ ጥግ ሞልቶ፣ ቦታ ያጣው ሰው በር ላይ ቆሟል። ጠያቂዋ መልስ ከመስጠቷ በፊት ዙሪያዋን አየች። ጠዋት አለቃዋ በስልክ ያላት አሁንም ጆሮዋ ላይ ነው፦ «ሄደሽ አልቅሺ፣ ማን ከለከለሽ። ነገር ግን የፊታችን ሐሙስ የሟቹ መዝገብ እስኪታይ ድረስ ስለ መጨረሻው ጉብኝትሽ ትንፍሽ እንዳትይ። አንዲት ቃል ካመለጠችሽ ሥራሽን የሚያተርፍልሽ የለም።»

«አልነገረኝም፣ እማማ» አለች።

እናትየው እጃቸውን ከብርጭቆው ላይ አነሡ።

«እንግዲያው የገደልኩት እኔ ነኝ» አሉ ቀስ ብለው። «ረቡዕ ደውሎልኝ ነበር። እንግዳ ነበረብኝ። እሱን ደግሞ ታውቂዋለሽ፤ ዛሬ ሆዴ ውስጥ ሽቦ አለ፣ ነገ እጄ የእኔ አይደለም ማለት ልማዱ ነው። ‹አሁን አታድርቀኝ፣ ለጠያቂዋ ንገራት፣ እሷ ታውቃለች› ብዬ ጆሮው ላይ ዘጋሁበት። ሐኪሙ ምን ቢለኝ ጥሩ ነው? ልቡ ነው፣ ከቀናት በፊት ቢመጣ እናተርፈው ነበር አለኝ። ሳይነግርሽ የቀረው እኔን ተቀይሞ ነው።»

ጠያቂዋ ሻዩን እንደ ትኩሱ ጨለጠችው። ምላሷ ተቃጠለ፤ ይበለኝ አለች በሆዷ።

የሙያዋ መጠሪያ ረዥም ነው፤ መታወቂያዋ ላይ ሁለት መስመር ይፈጃል። በአጭሩ፣ አእምሯቸው ጽኑ የታመመባቸውን ሃያ ስምንት ሰዎች ቤታቸው ድረስ እየሄደች ትከታተላለች። መርፌያቸው ቀኑን እንዳያልፍ ትጠብቃለች፤ ኪኒናቸውን የሰኞውን ከማክሰኞው ለይታ በሳጥን ታስቀምጣለች፤ ከአከራዮቻቸው ጋር ትጨቃጨቃለች፤ ድስት ከፍታ መብላታቸውን ታያለች። «ጠያቂዋ» የሚለውን ስም ያወጣላት ራሱ ሟቹ ነበር። «ትጠይቂያለሽ፣ ትጽፊያለሽ። ምን ቀረሽ? መስማት ብቻ» እያለ ይተርባት ነበር።

እሷም በፋንታዋ «አራሚው» ትለዋለች። ከመታመሙ በፊት ማተሚያ ቤት ውስጥ አሥራ አንድ ዓመት የሰው ጽሑፍ ሲያርም የኖረ ሰው ነው። ከስድስት ዓመት በፊት መጀመሪያ የሄደችበት ቀን በሩን አልከፍትም አላት። «ሐሙስ ተመልሼ እመጣለሁ፣ ካልፈለግክ አልገባም» ብላ በብጣሽ ወረቀት ጽፋ በበሩ ሥር ሰደደችለት። ወረቀቱ ትንሽ ቆይቶ ተመልሶ ወጣ፣ ሦስት ቦታ በቀይ እስክሪብቶ ታርሞ። ሦስት ሳምንት እንዲሁ ሲላላኩ ቆዩ። በአራተኛው በሩ ገርበብ አለና ያልተላጨ ፊት ብቅ አለ። «አንቺ ልጅ፣ ፊደል የቆጠርሽበት ትምህርት ቤት ይታወቃል?» አላት። ይኸው ነው ትውውቃቸው።

የዚያን ጊዜ ከሱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ የሚኖረው ሰውዬ አየሩን እየሳበ እንደሚወስድበት ያምን ነበር። ጣሪያውን ዳር እስከ ዳር በጋዜጣና በፕላስተር ለጥፎታል። ሌሊት በመጥረጊያ እንጨት እየደበደበ «አየሬን መልስ!» ይላል። በመርፌ፣ በኪኒን፣ በእሷም ችክ ማለት ቀስ በቀስ ጋብ አለለት። ከሁለት ዓመት በፊት አንድ ሐሙስ ስትደርስ ወንበር ላይ ቆሞ ጋዜጦቹን እየገነጠለ ነው። «አምስት የፊደል ግድፈት አገኘሁ፤ እዚህ ሥር ተኝቼ እንዴት አላየሁትም?» አላት። ያን ቀን እስከ ቢሮዋ ድረስ ብቻዋን እየሳቀች ሄደች። ከሃያ ስምንቱ የሚያኮራት እሱ ነበር፤ ለአዳዲስ ሠራተኞችም የምታወራው ስለሱ ነው።

በቀብሩ ማግስት ከሥራ መልስ ወደ ለቅሶ ቤቱ ተመልሳ ሄደች። ሁለት ሴቶች መተላለፊያው ላይ ያንሾካሹካሉ።

«ራሱን አጥፍቶ ነው አሉ እኮ።»

«ኧረ ልቡ ነው።»

«እንደሱ ያለ ሰው ልቡን ታመመ ሲባል ሰምተሽ ታውቂያለሽ? ያው አእምሮው ነው።»

ጠያቂዋ ልትቆጣቸው አፏን ከፈተችና መልሳ ዘጋችው። በምን አፏ ትቆጣለች? እነሱ ዛሬ ያሉትን እሷ ባለፈው ሐሙስ በማኅተም አጽንታዋለች።

ወጥ ቤት ገብታ ከሟቹ ታላቅ እህት ጎን ብርጭቆ ማጠብ ጀመረች። እህትየዋ ዐይኗ አብጧል።

«እማዬ እህል አልቀምስም ብላለች» አለቻት። «ልጄን ስልክ ዘጋሁበት ትላለች፣ ሌላ ወሬ የላትም። አንቺ ብትለምኛት ትሰማሽ ይሆናል። እኔማ ምን ፊት አለኝ? አንድ ከተማ እየኖርን ሁለት ዓመት ሙሉ ደጁን አልረገጥኩም። ካንቺ በላይ ማን ነበረው?» ብላ እርጥብ እጇን ሳመቻት።

ጠያቂዋ አንዱን ብርጭቆ ደጋግማ አጠበችው። ምስጋና እንዲህ እንደሚያቃጥል አታውቅም ነበር።

ልትሄድ ስትል ከበሩ አጠገብ የተቀመጠ ሸበቶ ሰውዬ ተነሥቶ ተከተላት። አወቀችው፤ ያ የላይኛው ፎቅ ጎረቤት ነው። እሑድ ዕለት በሩን ገፍቶ ሬሳውን ያገኘውም እሱ ነው።

«አራት ዓመት ሌባ ሲለኝ ኖረ» አለ፣ ፈገግ ለማለት እየሞከረ። «መኖሪያ ልቀይር ሁሉ ብዬ ነበር። ኋላ ግን ታረቅን፤ ጋዜጣ አንብቤ ስጨርስ እሰጠዋለሁ፣ አርሞ ይመልስልኛል። ባለፈው ሐሙስ ከሰዓት ደረጃው ላይ ቁጭ ብሎ አገኘሁት። ላብ በላብ ሆኗል። ምነው ስለው፣ ‹አንተ አይደለህም፣ አይዞህ። ይኼኛው የገዛ ደረቴ ነው። ማን እንደሚያምነኝ እንጃ እንጂ› አለኝ። ሐኪም ቤት ልውሰድህ አልኩት። ‹ለጠያቂዋ ነግሬያታለሁ፣ መድኃኒት አስጨምራልኛለች› አለኝ። ነግሬያታለሁ ካለማ ብዬ ተውኩት።»

ሰውዬው ይህን ሲል ሊወቅሳት የፈለገ አይመስልም። እንዲያውም የሱም ጥፋት እንዳይሆን ፈርቶ፣ «ልክ አይደለሁም?» ብሎ ጠየቃት። የደረጃውን ብረት ይዛ ወረደች።

ያ ሐሙስ ጠዋት እንዲህ ነበር። አራሚው አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ፣ መስኮቱን ወለል አድርጎ ከፍቶ ጠበቃት። እሷ ቸኩላለች፤ ከሱ ቀጥሎ አከራይዋን በድስት ክዳን የፈነከተች ሴት ትጠብቃታለች፣ ፖሊስም ተጠርቷል።

«እናቴ ንገራት ብላኛለች» ብሎ ጀመረ። «ደረቴን ይጫነኛል። ግራ እጄ ይደነዝዛል። ደረጃ ስወጣ አየር ያጥረኛል።»

አየር የምትለዋን እንደሰማች ዐይኗ ሳታዘው ወደ ጣሪያው ወጣ።

«ላይኛው ነው?» አለችው።

እሱ ስለ ላይኛው አንድም ነገር አላነሣም። ያነሣችው እሷ ናት። እሱም ቀና ብሎ ጣሪያውን አየ፤ ከዚያ እሷን፤ ከዚያ እንደገና ጣሪያውን። ስድስት ዓመት ሙሉ «የምታየው ሁሉ እውነት አይደለም፣ እኔን ጠይቀኝ» እያለች ያስተማረችው ሰው ነው። አሁን ጠየቃት፣ መልሱንም ከአፏ ወሰደ።

«እኔ እንጃ» አለ። «ሊሆን ይችላል።»

እሷም ጻፈች፦ «ላይኛው ጎረቤት አየር እንደሚወስድበት ተናግሯል። የቆየው ቅዠት ተመልሷል።» የአእምሮ ሐኪሙ በስልክ የመድኃኒቱን መጠን ጨመረ። የጉብኝት ቅጹን ስትሰጠው አራሚው ቀይ እስክሪብቶውን ሳይነካ ፈርሞ መለሰላት። በስድስት ዓመት ውስጥ ሳያርም የመለሰው ወረቀት እሱ ብቻ ነው። እሷ ግን ልብ አላለችም፤ እንዲያውም ጊዜ ስላተረፈላት ደስ ብሏት ወጣች።

በለቅሶው ሦስተኛ ቀን ከሰዓት ሰው ሳሳ። ወንበሮቹ ግማሾቹ ወደየባለቤታቸው ተመልሰዋል። ውጭ ያካፋል። እናትየው መስኮቱ ሥር ብቻቸውን ተቀምጠዋል፤ አጠገባቸው ያለው ምግብ አልተነካም። ጉንጫቸው በሦስት ቀን ውስጥ ሰርጉዷል።

ጠያቂዋ ኮቷን ሳታወልቅ ፊት ለፊታቸው ተቀመጠች።

«እማማ፣ ዋሽቼዎታለሁ። ነግሮኝ ነበር።»

ሴትዮዋ ዞረው አዩዋት።

«‹እናቴ ንገራት ብላኛለች› ብሎ ነው የጀመረው።»

«እንደዚያ ነው ያለው?»

«እንደዚያ ነው ያለው።»

«ተቆጥቶ ነበር?»

«ኧረ፣ በፍጹም። እንደ ታዘዘ ልጅ ነው የተናገረው።»

ከዚያ ያለውን ሁሉ ነገረቻቸው፤ ደረቱን፣ እጁን፣ ጣሪያውን፣ ጥያቄዋን። «እሱ ያላለውን እንዳለ አድርጌ ጻፍኩ። ለልቡ የሚሆን ሐኪም ጋ ልወስደው ሲገባ የአእምሮውን መድኃኒት አስጨመርኩበት። እርስዎ ስልኩን ስለዘጉ አይደለም የሞተው። እርስዎ ያሉትን አድርጓል። ያልሰማሁት እኔ ነኝ።»

እህትየዋ ሳሕን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ኖሯል። ሳሕኑን ጠረጴዛው ላይ ወረወረችው።

«ውጪ! እኔ እኮ እጅሽን ስሜ ነበር! ውጪልኝ ከዚህ ቤት!»

«ተያት» አሉ እናትየው።

«እማዬ...»

«ተያት አልኩሽ።» ወደ ጠያቂዋ ዞሩ። «ለአለቆችሽስ ይህንኑ ትናገሪያለሽ?»

«ነገ መዝገቡ ይታያል። ይህንኑ እናገራለሁ።»

«ከሥራ ቢያስወጡሽስ?»

«ያስወጡኝ።»

«ሰምቶኛል» አሉ እናትየው። «ልጄ ሰምቶኛል። ሳይቀየመኝ ነው የሄደው።» ከቀብሩ ወዲህ ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ አውጥተው አለቀሱ። እህትየዋ ሮጣ አቀፈቻቸው። ጠያቂዋ መንካትም መሄድም አቅቷት እንደ ተቀመጠች ቀረች፤ የሚያለቅሱት ሁለቱ ቤተሰብ ናቸው፣ እሷ ማን ናት?

ሲረጋጉ እናትየው ሴት ልጃቸውን ገፋ አድርገው ተነሡ። ጠያቂዋም ተነሣች።

«ከእንግዲህ እዚህ ቤት አትምጪ» አሏት። «ፊትሽን ማየት አልችልም። ወደፊትም የምችል አይመስለኝም።»

«እሺ፣ እማማ።»

ጠያቂዋ ወደ በሩ ዞረች። እናትየው ግን ክንዷን ይዘው መለሷት። ውጭውን በመስኮት አዩና ኮቷን ግራና ቀኝ ስበው ገጠሙት፤ ከታችኛው ቁልፍ ጀምረው አንድ በአንድ ይቆልፉላት ጀመር። ፊቷን አያዩም። የላይኛው ጋ ሲደርሱ ቁልፉን ሁለት ጊዜ ሳቱት። ጠያቂዋ እጇን አላነሣችም፤ እንዲመቻቸው አገጯን ቀና አድርጋ ጠበቀቻቸው።