ራሒማ ያዋሰችው ቶብ

ሶፎኒያስ ዕቅዱን ሰሌዳው ላይ ሲጽፍ እኔ ከኋላ ተቀምጬ «ሳይቸግር ጤፍ ብድር» አልኩ። ሰምቶኛል፤ ዞር ብሎ ግን አላየኝም። የትምህርት ቤታችን የባህል ኮሚቴ ሰብሳቢ እሱ ነበር፤ ሰብሳቢ የሆነውም ከሁላችንም ድምፁ ስለሚጎላ ነው። ከጎንደር ከመጣ ገና ብዙ አልቆየም፤ ይህችን የሱዳን ከተማ፣ ገዳሪፍን፣ አያውቃትም። እዚህ አገር የእኛ ሰው የሚኖረው ዓይን ውስጥ ላለመግባት ተጠንቅቆ መሆኑ አልገባውም።

«ዓለም በአንድ ግቢ» ብሎ ጻፈ። እያንዳንዱ ተማሪ የአገሩን ጥግ ያዘጋጃል፤ ወላጆችም የአገራቸውን ልብስ ለብሰው ይመጣሉ። የሱዳን ጥግ፣ የኢትዮጵያ ጥግ፣ የኤርትራ ጥግ ተባለ። ሁለት ልጆች ደግሞ ቻይናን እኛ እንሠራለን አሉ። ቻይና ከየት መጣች ብዬ ብጠይቅ «ሰሊጣችንን ማን የሚገዛው መሰለሽ?» ብለው መለሱልኝ። ክፍሉ በሳቅ ተሞላ፤ እኔም ሳቅሁ። የሱዳኑ ጦርነት ከጀመረ ወዲህ በዚያ ክፍል ውስጥ እንዲያ የተሳቀበትን ቀን አላስታውስም። ምናልባት ለዚህ ይሆናል አጥብቄ ያልተቃወምኩት።

እኔ ፈቲያ እባላለሁ። የተወለድኩት ኡም ጋርጉር የስደተኞች ካምፕ ነው፤ የምማረው ደግሞ ገዳሪፍ አክስቴ ቤት ተቀምጬ። የስደተኛ ካርድ ስላለኝ ወታደር ሲያስቆመኝ የማሳየው አላጣም። ጎረቤቴና ጓደኛዬ ሳብሪን ግን ይህም የላት። ገዳሪፍ ተወልዳ፣ ገዳሪፍ አድጋ፣ ዐረብኛዋ ከሱዳኖቹ ዐረብኛ ሳይለይ፣ አገር የላትም። አባቷ ኸሊል የሰሊጥ ነጋዴ ነበር። እሱ በሕይወት ሳለ ከመተማ የመጣችው እናቷ ራሒማ በእሱ ኢቃማ፣ በመኖሪያ ፈቃዱ ማለቴ ነው፣ ተጠግታ ትኖር ነበር። ኸሊል ሞተ፤ ቀጥሎ ጦርነቱ መጣ፤ ፈቃድ የሚያድስ ሰው ጠፋ።

ከዚያ በኋላ የእትዬ ራሒማ ፈቃድ ቶቧ ሆነ። ቢጫ ነው፤ ጠርዙ ቡናማ። እንደ ሱዳን ሴቶች ከራሷ እስከ ቁርጭምጭሚቷ ተጠምጥማበት ሱቅ ትሄዳለች፤ ቅመሟን ትሸጣለች፤ ትመለሳለች። የአፈሳ መኪና፣ እዚህ ከሻ የምንለው፣ ባጠገቧ ሲያልፍ ጠርዙን ወደ አፏ ሳብ አድርጋ በዝግታ ትራመዳለች። ቶብ የለበሰች እናትን ማንም አያስቆምም። ሳብሪንም ቤት ውስጥ «እማ» የምትላትን ሴት ከበር ስትወጣ እንደ ሱዳን ልጆች «ዩማ» ብላ እንድትጠራት ከሕፃንነቷ ተምራለች።

ይህን ሁሉ ታውቃለች ሳብሪን። እያወቀች ነው እናቷን ለዚያ በዓል የለመነቻት። እኔ እዚያው ነበርኩ፤ እትዬ ራሒማ ሱቋ ውስጥ ቁንዶ በርበሬ ትለቅማለች።

«እማ፣ አንድ ቀን ብቻ።»

«አንድ ቀን ምን ሆኘ?»

«አንች ሆነሽ።»

እትዬ ራሒማ ቁንዶ በርበሬውን አስቀመጠች። «ያ ቢንቲ፣ ልጄ፣ ያልጠረጠረ ተመነጠረ ሲባል አልሰማሽም? ይኸን ሁሉ ዘመን ተሸፋፍኘ ያሳደግሁሽ በጨዋታ መሰለሽ?»

«ሱዳኖቹ ሀበሻ ናት ይሉኛል። ሀበሾቹ ሱዳን ናት ይሉኛል» አለች ሳብሪን፤ ማልቀስ ጀምራለች። «ሁሉም በየጥጉ ሲቆም እኔ የት ልቁም? አንድ ቀን ከእናቴ ጎን ልቁም እንጅ።»

እናት ወደ ቁንዶ በርበሬዋ ተመለሰች። በማግስቱ ግን በጓሯችን በኩል ብቅ ስል የጥልፍ ቀሚሷን ከሳንዱቅ አውጥታ፣ ከመንገድ በማይታይ ገመድ ላይ አሰጥታው አየሁ። ስታገባ የለበሰችው ነው። እኔን ስታይ አፈረች።

«በቶቤ እመጣለሁ፤ በቶቤ እመለሳለሁ» አለች። «ቀሚሱ የሚታየው ከግቢው ውስጥ ብቻ ነው። ኻላስ፣ አለቀ።»

ሶፎኒያስ በዚያ መሐል ማስታወቂያ አሳትሞ የእህል ገበያው ግድግዳ ላይ ለጥፎ ነበር። ቀኑ፣ ሰዓቱ፣ ቦታው፣ «የአገርዎን ልብስ ለብሰው ይምጡ» የሚለው ሁሉ በዐረብኛና በአማርኛ ተጽፏል። ሳየው ደሜ ፈላ። ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም፤ ይኸ ልጅ ግን የሁላችንንም አፍ ገበያ ላይ ከፍቶት መጣ። ቅደደው ብዬ ብነግረው «እስከ መቼ ነው የምንደበቀው?» አለኝ። ጥያቄው ትክክል መሆኑ ነው ይበልጥ ያናደደኝ።

በዓሉ ደረሰ። እትዬ ራሒማ በቶቧ መጣች፤ ክፍል ውስጥ ገብታ ቶቧን ለሳብሪን አስያዘቻትና በቀይ ጥልፍ ቀሚሷ ወጣች። እውነቱን ልናገር፣ አላወቅኋትም። በቶቡ ውስጥ ሁልጊዜ ጎንበስ ብላ ነበር የምትሄደው፤ ያን ቀን ቁመቷ ረጅም መሆኑን አየሁ። ሳብሪን የትምህርት ቤት ዩኒፎርሟን እንደለበሰች ከጎኗ ቆማ፣ ሰው ባለፈ ቁጥር «እናቴ ናት» ትላለች። ማንም አልጠየቃትም፤ ዝም ብላ ትናገራለች። የቻይናዎቹ ልጆች የወረቀት ባርኔጣቸውን ደፍተው እጅ ሲነሷት ሳይቀር «እናቴ ናት» አለቻቸው።

የሱዳንን ጥግ የያዘችው ሂያም ነበረች። ከካርቱም ተፈናቅላ የመጣች የክፍላችን ልጅ ናት፤ ከትምህርት ቤቱ ፊት ለፊት፣ ከመንገዱ ማዶ፣ ተፈናቃዮች በሰፈሩበት አሮጌ ሕንፃ ውስጥ ከታመመች እናቷ ጋር ትኖራለች። ቤታቸው ተዘርፎ የቀረላቸው የለበሱት ብቻ ነው። የሱዳን ጥግ ያለ ቶብ ምን ይባላል? ሂያም ዲሉካዋን፣ የሴቶቹን ከበሮ፣ ጭኗ ላይ አድርጋ ከከበሮው ኋላ ተሸሸገች። የሚመጣውን ሰው ቀና ብላ አታይም።

እትዬ ራሒማ አየቻት። ከሳብሪን እጅ ቶቧን ወሰደች፤ ሄዳም ሂያምን ብድግ አድርጋ በገዛ እጇ አለበሰቻት። ጠመጠመች፣ አዞረች፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አደረገችላት። የተቀመጡት ሱዳናውያት እናቶች አንዲት ሀበሻ የእነሱን ልጅ ቶብ ስታለብስ ሲያዩ እልልታውን አቀለጡት። ሂያም አለቀሰች፤ ከዚያ ዲሉካዋን መታች። እትዬ ራሒማ በእሷ ከበሮ የመተማን የሠርግ ዘፈን ዘፈነች። ኤርትራውያኑ አጨበጨቡ። ሶፎኒያስ በነጭ ልብሱ መሐል ገብቶ ትከሻውን አንቀጠቀጠ። እኔም ከተቀመጥኩበት ተነሣሁ። ደስ ብሎኝ ነበር፤ አልዋሽም።

ሲያልቅ ሂያም ቶቡን ልታወልቅ ጫፉን ያዘች። «ኻልቲ ራሒማ፣ እንቺ ቶብሽን» አለች።

«ተይው። እናትሽ በቶብ ሆነሽ አይታሻለች?»

«አላየችኝም። እንደዚህ ሆኜ አይታኝ አታውቅም።»

«እንግዲያ ተሻግረሽ አሳያት፤ እዚያው ትመልሽልኛለሽ።»

ሳብሪን የእናቷን ክንድ ያዘች። «ዩማ፣ ቶቡን ልበሽው እንጅ። ነግረሽን የለ?»

«መንገድ መሻገር ነው፤ ሪክሻ መሳፈር እንኳ አያሻውም» አለች እትዬ ራሒማ። «ያለበስኩትን ሰው ከትከሻው ላይ አልገፍም። በእናቷ ቤት ታውልቀው።» ከዚያ በቀይ ቀሚሷ ቀድማን ወደ በሩ ሄደች። ያን ያህል ዓመት የተጠነቀቀች ሴት ለዚያች መንገድ ማቋረጫ ሳትጠነቀቅ ቀረች።

የአፈሳው መኪና ወታደሮቹን ይዞ ከበሩ ጎን ቆሟል። ማን እንደጠራቸው እስከ ዛሬ አላውቅም። ግቢው ውስጥ አልገቡም፤ ምን አስቸኮላቸው? ሰው በየተራ እስኪወጣ ጠበቁ። የቱ የውጭ አገር ሰው እንደሆነ መጠየቅም አላስፈለጋቸውም፤ እኛው አልብሰን፣ አሰማምረን አቅርበንላቸዋል። የጥልፍ ቀሚስ የለበሰችውን ወደዚህ፣ ነጭ ያደረገውን ወደዚህ እያሉ ለዩ። ሶፎኒያስን ጫኑት። በዚያ በሚጎላ ድምፁ አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ፤ በዱላ ጀርባውን መቱት። ስቆጣው የከረምኩት ልጅ ነው፤ መኪናው ላይ ሆኖ ሲያየኝ ግን ቁጣዬ የት እንደገባ አላውቅም።

«ኢቃማ» አለ አንደኛው ወታደር ለእትዬ ራሒማ።

ባዶ እጇን ዘረጋች። ሳብሪን ከመሐላችን ተፈትልካ ወደ እናቷ ሮጠች። ወታደሩ እጁን ዘርግቶ አስቆማት፤ አንዴ ልጅቱን፣ አንዴ ሴትዮዋን አየ።

«እናትሽ ናት?»

ሳብሪን አፏን ስትከፍት እትዬ ራሒማ ቀደመቻት። በጠራ ዐረብኛ፣ ፊቷ ሳይለወጥ፣ «አላውቃትም። የትምህርት ቤቱ ተማሪ ናት» አለች። ከዚያ ከኋላችን ወደቆመችው ዞረች። «ያ ሂያም፣ እህትሽን ይዘሽ ወደ ቤት ግቢ እንጂ። ምን ትጠብቂያለሽ?»

ሂያም በዚያ ቢጫ ቶብ ውስጥ ትልቅ ሴት ትመስል ነበር። ወታደሩ ያየው ቶቡን ብቻ ነው። «እህቴ ናት» አለችው፤ የሳብሪንን ክንድ ጨምድዳ ያዘች፤ እንዳትጮህም የቶቡን ጠርዝ አፏ ላይ ያዘችባት። ወታደሩ መንገድ ለቀቀላቸው። መንገዱን ተሻገሩ። እኔ ካርዴን ከፍ አድርጌ ተከተልኳቸው። ወደ ኋላ ያየን የለም፤ እትዬ ራሒማ ራሷ እንዳናይ በዓይኗ ከልክላናለች።

የተያዙት ከከተማው ዳር አንድ ግቢ ውስጥ እንደታጎሩ ሰማን። በዶካ ከተማ በኩል አድርገው ወደ ኢትዮጵያ ድንበር ይወስዷቸዋል ተባለ። ከድንበሩ ማዶ ለእትዬ ራሒማ የቀራት ሰው የለም፤ መንገዱም ጥይት ነው። ሠራተኛ የተያዘባቸው አሠሪዎች ሄደው መጠየቅ ይፈቀድላቸዋል፤ ቤተሰብ ነኝ ብሎ የሄደ ግን እዚያው ይቀራል።

ሂያም ቶቡን አጥባ፣ አጥፋ ይዛ መጣች። ቁጭ በይ ብንላት እንቢ አለች። «ይህን ከራሴ ላይ ባወልቀው ኖሮ» ትላለች ደጋግማ።

ሳብሪን ቶቡን ተቀበለቻት። «አልብሺኝ» አለቻት። ለብሳው አታውቅም።

«እኔ ልሂድልሽ። እኔን ምን ያደርጉኛል?» አለች ሂያም።

«እናቴን ማየት የምፈልገው እኔ ነኝ።»

ሂያም አለበሰቻት፤ እትዬ ራሒማ እሷን እንዳለበሰቻት፣ ጠምጥማ፣ አዙራ፣ ትከሻዋ ላይ ጣል አድርጋ። እኔ አፌን እንዳልከፍት ቃል ገብቼ አብሬያት ሄድኩ።

በሽቦው በር ላይ ወንበር አውጥቶ የተቀመጠው ሰው ሻይ እየጠጣ ነበር። ሳብሪን የእናቷን ስም ነገረችው።

«ምንሽ ናት?»

«ሠራተኛችን ናት» አለች ሳብሪን።

ሰውየው ወደ ውስጥ ተጣራ፤ «እመቤትሽ መጥታለች!» አለ። ከሽቦው ኋላ ከተቀመጡት ሴቶች መሐል እትዬ ራሒማ ተነሣች። ቀይ ቀሚሷ አቧራ መስሏል። ቀረበች። የገዛ ቶቧን አየች፤ በውስጡ ያለችውን አየች። እጇን ወደ ሽቦው ልትሰድ ነበር፤ ሰውየው እንደሚያይ ትዝ ሲላት መልሳ ሆዷ ላይ አጣመረችው፤ አንገቷንም እንደ ሠራተኛ ሰበረች።

«እመቤቴ» አለች በዐረብኛ። «ዱቄቱ ከአልጋው ሥር ነው። ሱቁን ለማንም አያስረክቡ። በሩን ማታ ከውስጥ ይቀርቅሩት። ያቺ ልጅ ራቷን ሳትበላ የምትተኛ ልጅ ናት፤ ይቆጧት። ትምህርቷንም እንዳታቋርጥ፣ አደራዎን።»

ሳብሪን የቶቡን ጠርዝ ወደ አፏ ሳብ አደረገች፤ ልክ እናቷ መንገድ ላይ እንደምታደርገው።

«እሺ፣ ራሒማ» አለች።

ከተወለደች እናቷን በስሟ ጠርታት አታውቅም። እትዬ ራሒማ ራሷን ነቀነቀች፤ ዞራ ወደ ሴቶቹ ተመለሰችና ጀርባዋን ሰጥታን ተቀመጠች። እኔ ሽቦውን ይዤ ቀርቼ ነበር፤ ሳብሪን ክንዴን ይዛ ሳበችኝ።

ሰውየው ሻዩን ፉት ብሎ አያት። «ለሠራተኛ ብለሽ ነው ፊትሽ እንዲህ የጠቆረው?» አላት። «አትቸገሪ፤ ሌላ ታገኛላችሁ።»

«ሹክረን» ብላ አመሰገነችው ሳብሪን።