የመንትዮቹ ዋጋ

ኤሜት ከቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ማድቤት ጥግ “ወይኔ!” ብሎ ሲጮህ እናቱ ማርሊስ ኩቢያክ ሁለት እጇን የዓሣው ሊጥ ውስጥ ነክራ ነበር።

“ምን ሆንክ? ዘይት ነካህ?”

“አልነካኝም። ኦስትራንድ መልስ ላከ።”

“ኦስትራንድ ኮሌጅ? ለአንተ?”

“ለእኔ! ሠላሳ ሦስት ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ይላል። በየዓመቱ።”

መጥበሻው ዘንድ የቆመው ሽማግሌው በርኒ ሳቁን ለቀቀው። “አንተ ልጅ፣ የእህትህን ስልክ ነው ያነሳኸው። ባለፈው ወር ሒሳብ ወድቀህ አልነበረም እንዴ?”

“ኧረ ለጥቂት አልፌያለሁ። ስልኩም የእኔ ነው፤ ይኸው ስንጥቁ!”

ማርሊስ እጇን በሽርጧ ጠርጋ ቀረበች። በኮሌጁ ወርቃማ ማኅተም ሥር የልጇ ስም አለ። ደስ አላት፤ ግን የደስታዋ ትልቁ ድርሻ የኤሜት አልነበረም። ለእሱ ይህን ያህል ከሰጡ፣ ለጃኔል ምን ሊሰጧት ነው?

“እህትህን ጥራት፣” አለችው። “ሩጥ!”

ኦስትራንድ የጃኔል ኮሌጅ ነበር። በመንትዮቹ መካከል እንዲህ የሚባል ስምምነት ባይኖርም ቤቱ ሁሉ የሚያውቀው ነገር ነው። ጃኔል በበጋም በበረዶም ሄዳ አይታዋለች፤ ቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ የትኛው መስኮት ሥር እንደምትቀመጥ እንኳ መርጣለች። ክፍያው በዓመት ሃምሳ ስምንት ሺህ ዶላር ነው። የአባቷ የዱዌን የወረቀት ፋብሪካ ደሞዝና ማርሊስ በጥርስ ሐኪሙ ቢሮ የምታገኘው ተደምሮ ለችግረኛ የሚሰጠውን እርዳታ አያስገኝላቸውም፤ ሙሉውን ለመክፈል ደግሞ በጭራሽ አይበቃም። ነገር ግን ኮሌጁ በድረ ገጹ ላይ የወጪ ማስያ አለው። ማርሊስ በመከር ወራት የጃኔልን ውጤት አስገብታ ነበር፤ ማስያው ሠላሳ ሺህ ዶላር ስኮላርሺፕ ብሎ መለሰ። ቀሪው ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ክፍያ ያንሳል። ከዚያ ቀን ጀምሮ ነገሩ ያለቀለት ሆነ።

ኤሜት ሐሳቡ የመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ነበር። ለኦስትራንድ ያመለከተው ማመልከቻው በነፃ ስለሆነና ጃኔል አንድ እሑድ “ሣጥኖቼን የሚሸከምልኝ ሰው ያስፈልገኛል” ብላ እየሳቀች ስለሞላችለት ነው።

ጃኔል የጠረጴዛ ማልበሻ ወረቀት ጥቅል እንዳቀፈች ገባች። ካቶሊኮች ሥጋ የማይበሉበት የሁዳዴ ዓርብ ነው፤ አሥር ሰዓት ላይ የቤተ ክርስቲያኑ አዳራሽ ተከፍቶ ግማሹ ከተማ ዓሣ ሊበላ ይመጣል።

“ወንድምሽ ሀብታም ሆነ፣” አለ በርኒ። “አንቺ ደግሞ ልትበልጪው ነው። በይ ክፈቺው!”

ጃኔል ጥቅሉን አስቀምጣ ስልኳን ከፈተች። አነበበች። ጣቷ ወደ ላይ ሄደ፣ ወደ ታች ወረደ፣ እንደገና ወደ ላይ ሄደ።

“አሥራ አራት፣” አለች።

“አሥራ አራት ምን?”

“አሥራ አራት ሺህ።”

“ውረጂ እስቲ ወደ ታች። ሌላ ይኖራል።”

“ወርጃለሁ እማ። ከታች ያለው ‘እንኳን ደስ አለሽ’ ነው።”

 ዘይቱ ይንጫጫል። ማርሊስ ስልኩን ተቀብላ አየችው፤ ቁጥሩ ያው ነው። ስታየው የሚለወጥ ይመስል ደጋግማ አየችው።  በክፍሏ ሦስተኛ የወጣች ልጅ። ወንድሟ የሳይንስ የቤት ሥራውን ከእሷ እየገለበጠ ያደገ።

በዚህ መሐል ባሏ ዱዌን ባርኔጣው በረዶ እንደለበሰ የዓሣ ካርቶን ተሸክሞ በጓሮ በር ገባ። “ምነው ሁላችሁም ሐውልት ሆናችሁ?”

ኤሜት ነገረው። ዱዌን ካርቶኑን አውርዶ ጥቂት አሰበና እጁን አወናጨፈ።

“ተቀያይሮባቸው ነዋ! አንድ የአባት ስም፣ አንድ አድራሻ፣ አንድ የልደት ቀን። ፋብሪካው እንኳ የእኔን ደሞዝ ለሌላ ኩቢያክ ከፍሎ ያውቃል፤ ያውም ለማይዛመደኝ!”

ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነፈሱ። በርኒ ጭኑን መታ። ከሁሉም የተደሰተው ኤሜት ነበር፤ “በቃ! አሥራ አራቱ የእኔ ነው! እኔም ብዬ ነበር!” እያለ እህቱን በትከሻው ገፋት። ጃኔልም ፈገግ አለች፤ ከንፈሯ ግን ገና ነጭ ነበር።

ማርሊስ ካፖርት መስቀያው ክፍል ገብታ ደወለች። የኮሌጁ የቅበላ ክፍል ሠራተኛ ትሬቨር የሚባል ወጣት ነው፤ ስሟን ሲሰማ ድምፁ በራ።

“ወይዘሮ ኩቢያክ! እንዴት ነዎት? ያ ያመጡልን የክሪንግል ኬክ እኮ ጣዕሙ እስካሁን አፌ ላይ አለ።”

“እግዚአብሔር ይመስገን። ትሬቨር፣ የልጆቹ መልስ ተቀያይሯል መሰለኝ።”

የቁልፍ ሰሌዳ ድምፅ ተሰማ። “አልተቀያየረም፣” አለ።

“እስቲ እንደገና እየው።”

“አይቼዋለሁ። ሁለቱም ትክክል ናቸው።”

“የእሷ ውጤት ከእሱ ይበልጣል እኮ።”

“እጅግ ጎበዝ ናት። ኮሚቴው ግን እያንዳንዱን ተማሪ ለብቻው ነው የሚያየው፤ ብዙ ነገር ያመዛዝናል።”

“የራሳችሁ ማስያ ሠላሳ ሺህ ብሎናል።”

“ማስያው ግምት ነው ወይዘሮ ኩቢያክ። ከሥሩ ተጽፏል፤ በትንንሽ ፊደል ቢሆንም።”

 ፊት ለፊቷ የማን እንደሆነ የማታውቀው እርጥብ ካፖርት ተንጠልጥሏል፤ እጅጌውን ጨብጣ እንደቆመች ልብ አላለችም።

“ሌላ ኮሌጅ የተሻለ ሰጥቷት ከሆነ ይላኩልኝ፣” አለ ትሬቨር። “ለአለቃዬ አሳይቼ ዛሬውኑ እደውላለሁ።”

“አዮዋ ግዛት ያለ አንድ ኮሌጅ ብዙ ሰጥቷታል። ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲው እንኳ ይረክሳል። ግን ረግጣው አታውቅም፤ እንዲሁ ነው ያመለከተችው።”

“ጥሩ፣ እሱን ይላኩልኝ።” ከዚያ በዚያው ደግ ድምፅ ጨመረ፦ “ለማንኛውም ጃኔል መምጣቷ አይቀርም፣ አይደል? እኛ ጋ እኮ ሁላችንም እንደመጣች ነው የምንቆጥራት።”

ማርሊስ ስልኩን ዘግታ እዚያው ቆመች።

ክሪንግሉን ያመጣችው እሷ ናት። የለውዙን፣ ከታወቀው ዳቦ ቤት፣ ከነሣጥኑ። ለመጨረሻ ጊዜ ኮሌጁን ሲጎበኙ የትሬቨርን እጅ በሁለት እጇ ይዛ “ይቺ ልጅ ከዚህ ሌላ የትም አትሄድም፤ በእግሯም ቢሆን ትመጣለች” ብላዋለች። እሷ ባደገችበት ቦታ ሰው የወደደውን በግልጽ ይናገራል፣ ምግብ ይዞ ይሄዳል፤ ያ የተነገረውም ሰው ውለታ ይሰማዋል። መኪና ሊገዙ ሲሄዱማ ዱዌን በር ላይ ሳሉ “ፊትሽን ዝጊ፤ መውደድሽን ካወቁ ዋጋ አይቀንሱም” ይላታል፣ እሷም ትዘጋለች። ኮሌጅ ሻጭ መሆኑ ግን ለአንድ አፍታ እንኳ አልታያትም።

ምክንያቱ ያ ይሁን አይሁን አታውቅም። ትሬቨር አላለም፤ ብትጠይቀውም አይልም። ምናልባት ለሙዚቃ ቡድናቸው ቱባ የሚባለውን ትልቅ ጡሩምባ የሚነፋ ጠፍቶ ይሆናል፤ ኤሜት ቱባ ይነፋል። ምናልባት ዘንድሮ ወንዶች አንሰዋቸው ይሆናል። ያስደነገጣት ይኸው ነበር፤ ምክንያቱ ማንኛውም ነገር ሊሆን ይችላል።

የአዮዋውን ደብዳቤ ከስልኳ ልካ ወደ ማድቤት ተመለሰች። ፊቷን አይተው አወቁ።

እሷ ግን “አልተቀያየረም፣” ስትል ነገረቻቸው።

ኤሜት ስልኩን ከኪሱ መዘዘ። “እንግዲያው እምቢ እላቸዋለሁ። አሁኑኑ። እዚህ ጋ ‘አልቀበልም’ የሚል አለ።”

ጃኔል እጁን ለቀም አደረገችው። “አብደሃል? ከመንግሥት ዩኒቨርሲቲው ይረክስሃል እኮ!”

“ያንቺ ኮሌጅ ነው!”

“የእኔ ነው ያልኩት እኔ ነኝ። እነሱ አላሉም።”

“እኔ እኮ ያመለከትኩት ሣጥንሽን ልሸከም ነው፣” አለ ኤሜት።

“አውቃለሁ፣ ደደብ።” ልትስቅ ሞከረች፤ አልወጣላትም። ስልኩን ደረት ኪሱ ውስጥ መልሳ ከተተችለትና ጥቅሏን ይዛ ወደ አዳራሹ ወጣች።

ማርሊስ በምግብ ማስተላለፊያው መስኮት አየቻት። ጃኔል በየጠረጴዛው ላይ ወረቀቱን እየዘረጋች ጠርዙን በመቀስ ትቆርጣለች፤ ጫፍና ጫፉን ታስተካክላለች፤ እጥፋቱን በመዳፏ ትጫናለች። ማንም እንዲህ አድርጊ አላላትም። የሰናፍጭ ጠብታ ለሚወድቅበት ወረቀት።

ዱዌን አጠገቧ መጥቶ ቆመ። “ኤሜትን እንላከው እንዴ ታዲያ?” አለ በሹክሹክታ።

“እሷ እያየች?”

“ሒሳቡ እንዲያ ነው የሚለው።”

“ሒሳቡን ተወው።”

“እኔ ልተወው እችላለሁ፣ ማርሊስ። ባንኩ ነው የማይተወው።”

አሥር ሰዓት ላይ በሩ ተከፈተ። ሰዉ ጫማውን እያራገፈ ገባ። በርኒ ዓሣውን ያወጣል፣ ኤሜት ሳህን ያመላልሳል፣ ጃኔል የፕላስቲክ ጓንት አድርጋ ማስተናገጃው ላይ ቆማ ዓሣና የጥቅል ጎመን ሰላጣ ታድላለች። የሚያውቋት ሁሉ “ኦስትራንድ እንዴት ሆነ?” ይሏታል፤ እሷም “ገና ነው” ትላለች። ሌላ ሰው፣ “ገና ነው።” ማርሊስ ከማድቤቱ ውስጥ እያንዳንዷን “ገና ነው” ሰማች።

ሰልፉ ውጭ በረዶው ላይ በደረሰ ጊዜ የማርሊስ ስልክ ጮኸ።

“ወይዘሮ ኩቢያክ፣ ደስ የሚል ዜና ነው!” አለ ትሬቨር። “ስምንት ሺህ ልንጨምርላት ችለናል።”

ሳትወድ አእምሮዋ ደመረው። አሁንም አይበቃም። ግን ዱዌን ትርፍ ሰዓት ከሠራ፣ የጭነት መኪናውን ከሸጡት፣ ብድር ካገኙ...

“አንድ ነገር ብቻ ነው። መምጣቷን ዛሬ ቢያረጋግጡልኝ። እስከ ሰኞ ከቆየ ገንዘቡ ለሌላ ተማሪ ሊሄድ ይችላል።”

“እሺ” የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ነበር። ዓመቱን ሙሉ ሲጠይቋት የሰነበቱት ያንን ቃል ነው፤ ስትል የሰነበተችውም። አፏን ከፈተችና መልሳ ገጠመችው።

“ለእሷ ልስጥህ፣” አለች።

ወደ ማስተናገጃው ወጥታ ስልኩን ዘረጋችላት። ጃኔል ጭልፋውን እንደያዘች ዞረች። “ማነው?”

“ኦስትራንድ። ስምንት ሺህ ጨምረዋል። ዛሬ መልስ ይፈልጋሉ።”

“አንቺ ምን አልሻቸው?”

“ምንም።”

ጃኔል እናቷን ትክ ብላ አየቻት። ጓንቷን አውልቃ ስልኩን ተቀበለች። ሰልፉ ቆመ፤ ኤሜትም ሳህኖቹን እንደተሸከመ ቆመ።

“አቤት... አዎ፣ ነግራኛለች። አመሰግናለሁ።” አዳመጠች። አዳመጠች። “ዛሬ አልችልም፣” አለች በመጨረሻ። “አዮዋ ያለውን ኮሌጅ ገና አላየሁትም። ነገ ሄጄ ላየው ነው።” እንደገና አዳመጠች፤ አንገቷ ቀላ። “ለሌላ ከሄደም... ይሂድ።”

ስልኩን መለሰች። አዲስ ጓንት አደረገች፤ አንዱ ጣት አልገባ ብሎ ጥቂት ታገላት።

“ይቅርታ ያስጠበቅኩዎት፣” አለች ፊት ለፊቷ ለቆሙት ባልቴት። “ሁለት ቁራጭ ነው ሦስት?”

ማርሊስ ወደ ማድቤቱ ተመለሰች። ዱዌን በመስኮቱ ሁሉን ሰምቷል። “ነገ?” አለ። “አዮዋ? በዚህ በረዶ?”

ማርሊስ እጇን እንደገና ሊጡ ውስጥ ነከረች።

“ስንጨርስ መኪናው ላይ ቤንዚን ሙላበት፣” አለችው።