ስልጠና የገባው ቤት

ጥሩአየሁ ለጤና ኤክስቴንሽን ስልጠና ከተማ በገባች በማግስቱ ቤቷ ተከትሏት መጣ። ጠዋት ፊቷን ልትታጠብ ከማደሪያው ብቅ ስትል፣ ከባንዲራው እንጨትና ከሮቶው መሀል ቁጭ ብሏል። ያው ቤት ነው፤ ቆርቆሮው ዝገት የበላው፣ ግድግዳው በገዛ እጇ የተመረገ። ባሏ አበጀ ደጃፉ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ክር ያስራል።

«መጣችሁ?» አለችው።

«መጣን። ተኝተን ሳለን ነው የተነሳው።»

«ልጁስ?»

«ምን ሆኖ! መንገዱን ሙሉ እንቅልፉን ሲለጥጥ ነው የመጣው።»

አማቷ እማማ ዘርትሁን አንገታቸውን በመስኮት አውጥተው ጊቢውን ገረመሙት። «ቤትሽ እንኳ ሰው ጥሎ መሄድ አያውቅበትም። ካንቺ እሱ ይሻላል» አሉ።

የስልጠናው ኃላፊ ሲስተር ይርገዱ ቤቱን ዞር ዞር ብለው አዩት። «ሰልጣኝ ቤተሰብ ይዛ መግባት ክልክል ነው።»

«እኔ አላመጣሁትም ሲስተር። ራሱ ነው የመጣው።»

«ራሱ ከመጣማ ይቆይ። ለተግባር ትምህርት ገጠር የምንወጣበት የመኪና ነዳጅ ይተርፍልናል።»

እውነትም ተረፈ። ሰልጣኞቹ ከክፍል ሲወጡ ተራ በተራ እየገቡ አብሮ የመጣውን በግ ማደሪያ ከሰው መኝታ ለዩ፤ በጉም አልተቃወመም። እማማ ዘርትሁንን በሳሙና እጅ አስታጠቡ። ሌሎቹ ገብተው ደግመው አስታጠቡ። «በስተርጅና ሙሽራ ሆንኩላችሁ!» ይላሉ እማማ፣ እጃቸውን እየዘረጉ።

ሳንካው የመጣው ሲስተር ወደ ጓሮ ሲዞሩ ነው።

«ሽንት ቤቱስ?»

«እሱማ አገር ቤት ቀረ» አለ አበጀ። «ጉድጓድ እኮ ነው ሲስተር፤ በምን እግሩ ይምጣ?»

ሲስተር ወደ ጥሩአየሁ ዞሩ። «የራሷ ቤት ሽንት ቤት ሳይኖረው ሰው ቤት ገብታ ቆፍሩ ብትል ማን ይሰማታል? እስከ ምርቃቱ በገዛ እጅሽ ቆፍሪ። ካልሆነ ቤትሽን ይዘሽ ትመለሻለሽ።»

ጥሩአየሁ ይህን ስልጠና ያገኘችው ስንት ዘመን ደጅ ጠንታ ነው። ዶማና አካፋ ተዋሰችና ከክፍል መልስ መቆፈር ጀመረች። ጉድጓዱ ከአናቷ ሲያልፍ ቤቱ ወደ ጓሮ ማጋደል ጀመረ። መጀመሪያ ድስቱ ከምድጃው ተንሸራተተ፤ ቀጥሎ በጉ።

«አንቺ! ቤቱ ወዳንቺ እየወረደ ነው!» ብለው ጮኹ እማማ።

«ስላላየኝ ነው» አለች ጥሩአየሁ ከጉድጓዱ። ወጥታ ፊት ለፊቱ ቆመች። ቤቱ ተመልሶ ቀጥ ብሎ ተቀመጠ። ስትገባ አሁንም አጋደለ። ትንሽ ቆፈር፣ ብቅ፤ ትንሽ ቆፈር፣ ብቅ። ጉድጓዱም አልጠልቅ አለ፣ ደብተሯም ሳይገለጥ ይመሻል።

«ልጅ እናቱን አጥቶ አልተኛ ሲል ሻሿ አይደል የሚሰጠው?» አሉ እማማ ዘርትሁን። «ጠረኗን ሲያሸት ጭጭ ይላል። ቤትስ ከልጅ በምን ይለያል?»

ጥሩአየሁ ቢጫ ሻሿን ፈታች። አበጀ ረጅም እንጨት ጫፍ ላይ አስሮ ደጃፉ ላይ ተከለው። ቤቱ ጭጭ አለ።

ከዚያ ወዲያ ሥራው ሰመረ። ጉድጓዱ ጠለቀ፣ ክዳን ገባለት፣ በሩ አጠገብ የእጅ መታጠቢያ ጀሪካን ተንጠለጠለ። ሲስተር አይተው «ይኸው፣ ቤት ማለት ይሄ ነው» አሉ።

«ሻሹን ላውርደው?» አለ አበጀ።

«እስክመረቅ ይቆይ። ላጥናበት።»

ሻሹ ቆየ። ጥሩአየሁ ማደሪያዋ እየተኛች ስለ ክትባት፣ ስለ እርግዝና፣ ስለ ወባ አጠናች። ልጁ ሲወድቅ እያለቀሰ ወደ እንጨቱ ይሮጣል፤ ሻሹ በነፋስ ዝቅ ሲል አናቱን ይዳብሰዋል፤ ልጁም ዝም ይላል።

የምርቃቱ ቀን ነጭ ጋዋን ለብሳ ስሟ ተጠራ፤ ተጨበጨበላት፤ እማማ ዘርትሁን ጊቢው እስኪናወጥ እልል አሉ። በዓሉ ሲያልቅ ቤተሰቡ ጓዙን ሊሸክፍ ገባ። ጥሩአየሁ ቤቱ ፊት ቆመች።

«አለቀ። በል እንሂድ» አለችው።

እስከ ጊቢው በር ድረስ ሄዳ ዞር አለች። ቤቱ አልተነቃነቀም። ተመልሳ ግድግዳውን ደባበሰችው። ግድግዳው ቀዝቃዛ ነው።

በዚህ መሀል ነፋስ መጣና የሻሹን ቋጠሮ ፈታው። ሻሹ ከእንጨቱ ተነስቶ ከአጥሩ በላይ ወጣ። ቤቱም ተነሳ፤ አቧራውን አራገፈና ተከተለው።

«ወዴት ነው?» አለች ጥሩአየሁ።

«ሻሽሽን ተከትሎ ነው» አለ አበጀ ከደጃፉ።

«በሩን ዝጋው እንግዲህ፤ ልጁ እንዳይወድቅ።»

አበጀ በሩን ዘጋው።

ቢጫው ሻሽ ከባሕር ዛፎቹ አናት በላይ አለፈ። ቤቱም ዛፎቹን እየከፈለ ከሥሩ አለፈ። ልጁ በመስኮቱ ብቅ ብሎ እጁን ያውለበልባል፤ ሽቅብ፣ ወደ ሻሹ።