ቁልፉን የያዘው እጅ

እና የቆለፍኩባት እኔ ነኝ፣ አክስታችን አይደለችም፣ ልጅ ነበርኩ፣ ልጅ ነበርኩ ማለት እንዴት ይቀላል፣ እህቴስ ምን ነበረች፣ ከእኔ ያነሰች ልጅ አልነበረች እንዴ፣ ካልተከተልኩሽ ብላ ስታስቸግረኝ ዕቃ ቤት ከትቼ ቁልፉን አዞርኩና ልጫወት ሄድኩ፣ ከዚያ ረሳኋት። ረሳኋት። ለቅሶዋን ሰምታ በሩን በትከሻዋ የገነጠለችው አብራን የምትኖረው አክስታችን ናት፣ እናቴ ከሥራ ገብታ ማነው የቆለፈባት ስትል አክስቴ ናት አልኩ፣ ልትቀጣት ቆልፋባት ቁልፉን ጣለችው አልኩ፣ ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነው፣ አክስታችን ኪሴን አየች፣ ፊቴን አየች፣ አላጋለጠችኝም፣ በሳምንቱ ሻንጣዋን ይዛ ወጣች።

የኮምፒውተር ክፍሉ ይሞቃል፣ እህቴ በሩ አጠገብ ተቀምጣለች፣ እንደ ሁልጊዜዋ ገርበብ አድርጊልኝ ብላ፣ ለፊልሙ ድምፅ የምትሠራልኝ ልጅ ከኮሪደሩ፣ ማዘር በናትሽ ዝጉት ጫጫታ ቅጂዬ ውስጥ እየገባ ነው ትላለች፣ ይግባ፣ አርባን አልፌ ተማሪ ብሆን ስሜ ማዘር ሆኖ ቀረ፣ መምህሩ ራሱ ብወልድ የማደርሰው ነው፣ በሥዕል የሚሠሩት የመመረቂያ ፊልምዎ ቁስልን ስለ ማለፍ ከሆነ መጨረሻው ላይ በሩ ይከፈት፣ ብርሃን ይግባ፣ ሰው ዕንባውን ጠርጎ ይውጣ አለኝ፣ እሺ አልኩ፣ በሩ ተከፈተ፣ ብርሃን ገባ፣ በሥዕል ምን ይከብዳል።

እህቴን ለፊልሙ ታሪክሽን ስጪኝ ስላት ውሰጂው እታለም፣ እኔን እንደሆን አልጠቀመኝም አለች፣ እሷ ሳቀች፣ እኔ ጥርሴን አሳየሁ። እስከ ዛሬ በር ዘግታ አታውቅም፣ ሰው ቤት ሽንት ቤት ስትገባ በር ላይ ቆሜ አንጎራጉራለሁ፣ አለሁ ለማለት፣ እንዴት ያለች እህት ይላሉ ጓደኞቿ፣ አዎ፣ እንዴት ያለች።

ያስቸገረኝ እጁ ነው። ቁልፍ አንድ ጊዜ እንዲዞር እጅን ደጋግሞ መሣል ነው፣ በየሥዕሉ ጥቂት ጥቂት እያዞሩ፣ የአክስታችን ፎቶ እንኳ የለንም፣ መስታወት ፊት ቁልፍ ይዤ የራሴን እጅ አየሁ፣ ሣልኩ፣ አየሁ፣ ሣልኩ፣ ደም ሥር ጨመርኩበት፣ ሽብሽብ ጨመርኩበት፣ ቀለበቷን አጠለቅኩበት፣ ሙት ወቃሽ አያድርገኝ ይላል ሰው፣ እኔ መውቀስ ብቻ መች አነሰኝ፣ ሣልኳት፣ ሙት እንደሆን አይከራከርም። ትንሿን ጣት ግን ሳልቀይራት ረሳኋት። ተሰብራ ጠምማ የዳነችዋን፣ ወደ ውጭ የምትሸሸዋን፣ የእኔን።

ድገሚው ትላለች እህቴ፣ እደግመዋለሁ፣ እጁ ይመጣል፣ ቁልፉ ይዞራል፣ ቀጭ። አንዴ ደግሞ፣ ቀጭ። የአክስታችን ጣት እንዲህ ነበር እንዴ፣ ቀስ ብላ ነው የምትጠይቀው፣ አዎ በይ እላለሁ ለራሴ፣ አዎ ካልሽ ያልፋል፣ ፊልሙ ይታያል፣ ልጆቹ ያጨበጭባሉ፣ ምኑ ያልፋል፣ እኔ እኮ አልቀበርኳትም ትላለች እህቴ፣ ታማ አልጋ ላይ ሆና ስታስጠራኝ እንኳ እምቢ አልኩ፣ እንዲህ ስትል ዓይኗ ስክሪኑ ላይ አይደለም፣ ማውሱን የያዘው እጄ ላይ ነው፣ ልደብቀው፣ የት፣ ኪሴ ውስጥ፣ ኪስ ውስጥ ስንት ዓመት።

ትነሳለች። ሄደች፣ በቃ ሄደች፣ ይበለኝ፣ አይ፣ አልሄደችም፣ በሩን ትይዛለች፣ ትገፋዋለች፣ ትገፋዋለች፣ በሩ ይዘጋል፣ እህቴ በሩን ዘጋች፣ ተደግፋው ቆማለች፣ ግንባሯ ላብ በላብ ሆኗል፣ በይ ንገሪኝ፣ ሰው ሳይሰማ፣ ቶሎ በይ ብዙ አልችልም።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር ብዬ እጀምራለሁ፣ ፊቷ ምን እንደሚሆን አላውቅም፣ አክስቴን ሄጄ የምለምንበት ደጅ የለም፣ ከሣልኩት እጅ ላይ ቀለበቱን አወልቃለሁ፣ ሽብሽቡን አጠፋለሁ፣ የልጅ እጅ አደርገዋለሁ፣ ጠማማዋን ጣት እንዳለች እተዋታለሁ፣ እናንተም ፊልሙ ላይ ያንን እጅ ስታዩ የማን እንደሆነ እወቁልኝ፣ ይቅርም በሉኝ።