ለግድግዳ የሚበቃው

በእኛ ሸለቆ በዓመቱ ውስጥ የተገደለ ወንድ አጋዘን ሁሉ ከፋሲካ በኋላ ባለው ቅዳሜ ለፍርድ ይቀርባል። ሞቶ መቅረቡ ነገሩን ያቀልለዋል፤ ይግባኝ አይልም። ቀንዱ ጣውላ ላይ ተመትቶ፣ የግራ መንጋጋው ከሥሩ በሽቦ ታስሮ፣ በፊንሰንት መጠጥ ቤት አዳራሽ ረጃጅም ጠረጴዛዎች ላይ ይደረደራል። ሦስት ዳኞች ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ጀምረን አንድ በአንድ እናያለን፤ ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ለሕዝብ ይከፈታል።

አጋዘኑ ዐሥር ዓመት የሞላው ከሆነ ተኳሹ ደግ አደረገ ተብሎ አረንጓዴ ክብ ወረቀት ይለጠፍበታል። ከዚያ ካነሰ ገና የሚያድግና የሚወልድ ነበርና ቀይ ይለጠፍበታል፤ ባለ ቀዩ ሰው ሁለት ዓመት ሙሉ ወንድ አጋዘን ላይ አይተኩስም። ከአረንጓዴዎቹ መካከል አንዱ ብቻ ራሱ እስከ ትከሻው ተሞልቶ አዳራሹ ግድግዳ ላይ ይሰቀላል። የአዳኞች ማኅበራችን መሥራቾች በደንቡ ላይ የሚሰቀለው ከሁሉ ያረጀው ነው ብለው ጽፈዋል። ከሁሉ ያማረው አላሉም። ሽማግሌውን መግደል ጫካውን ይጠቅማል፣ ጎረምሳውን መግደል ይጎዳል ብለው ነው። ሆኖም ግድግዳችንን ቀና ብሎ ያየ ሰው አርባ አንድ ራስ ይቆጥራል፤ አርባ አንዱም እንደ ዛፍ የተንዠረገገ ቀንድ አላቸው። በእኛ ዘንድ ከሁሉ ያረጀው አጋዘን ሁልጊዜ ከሁሉ ያማረው ሆኖ ይገኛል፣ የገደለውም ሁልጊዜ ደኅና ኑሮ ያለው ሰው ነው። ተፈጥሮም ሰው ታውቃለች።

በዚህ ሥራ ተፈጥሮን የማግዛት እኔ ነኝ።

አርባ ዓመት የጥርስ ሐኪም ነበርኩ። የአጋዘን ዕድሜ የሚታወቀው መንጋጋ ጥርሱ ምን ያህል ተበልቶ እንዳለቀ በማየት ስለሆነ ከሃያ ስድስት ዓመት በፊት የጥርስ ዳኛ አድርገው መረጡኝ። በዚህ ሥልጣን የስምንት ዓመቱን አጋዘን ዐሥራ አንድ ያልኩበት ጊዜ አለ። አንድ ጊዜ ብቻም አይደለም።

ምክንያቴን አልደብቅም። የዳኞቹ ሊቀመንበር ኪሪን የእንጨት መሰንጠቂያው ባለቤት ነው፤ ጫካውንም የተከራየው እሱ ነው። በዚያ ጫካ፣ ከገደሉ በላይ ካለው ሜዳ ዳር፣ አድፍጬ የምጠብቅበት ማማ አለኝ። ሃያ ስድስት ዓመት ስለተቀመጥኩበት ጣውላው የእኔን ቅርጽ ይዟል። አለኝ እላለሁ እንጂ በወረቀት የሰፈረ ነገር የለም። በየዓመቱ ከፍርዱ በኋላ በሚበላው እራት ላይ ኪሪን ብርጭቆውን ይዞ ይነሣና ማን የት እንደሚቀመጥ ስም ይጠራል። ሰባ ሦስት ዓመቴ ነው። ልጆቼ ከተማ ናቸው። ጎህ ሲቀድ የምሄድበት ሌላ ቦታ የለኝም።

ዘንድሮ ወደ አዳራሹ ስገባ ግድግዳው ላይ አርባ ሁለተኛው ሚስማር ተመትቶ ጠበቀኝ።

«ይሄ ምንድን ነው?» አልኩ።

«ሚስማር ነዋ!» አለ የቤቱ ባለቤትና ሦስተኛው ዳኛ ፊንሰንት። «መሰላሉን ለአምፖሉ አውጥቼው ስለነበር፣ በዚያው ብዬ ነው።»

«ማን እንደሚሰቀል ሳይታወቅ?»

«ክብደቱ ይታወቃላ! ለቀላል ራስ እንዲህ ያለ ሚስማር ይመታል እንዴ?»

ከባዱ ራስ የኪሪን አጋዘን ነበር። ከወር በፊት ተሞልቶ፣ የመስተዋት ዓይን ገብቶለት፣ ጓዳ ውስጥ በአንሶላ ተሸፍኖ ፍርዱን ይጠብቃል። ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የቀረበው ፎቶግራፉና መንጋጋው ብቻ ነበር።

መንጋጋውን አንሥቼ ወደ መስኮቱ አዞርኩት። በደንብ የተበላ፣ የከበረ ሽማግሌ መንጋጋ ነው። ገለበጥኩት። በአራተኛው ጥርስ ላይ፣ በምላስ በኩል፣ ምስር የምታህል ጠቆር ያለች ነጥብ አየሁ፤ ዓይኔን ማመን አቃተኝ።

ከሠላሳ አንድ ዓመት በፊት ለአዲስ አዳኞች የክረምት ትምህርት ስሰጥ ከአንድ ዓመት እስከ ዐሥራ አምስት ዓመት ያሉ መንጋጋዎችን ሰብስቤ ነበር። ተማሪዎቹ እያንቀላፉ ሲያስቸግሩኝ የዐሥራ አምስት ዓመቱን አራተኛ ጥርስ ቦርቡሬ እንደ ሰው በብር ሞላሁት። «ይሄኛው ቀጠሮ አክባሪ ነበር፤» ስላቸው ተንከትክተው ሳቁ። ስብስቡ ዛሬም በማኅበራችን ቁም ሣጥን ውስጥ ይቀመጣል። ቁልፉ ኪሪን ዘንድ ነው።

«እህስ ዶክተር፣ ስንት ትለዋለህ?» አለ ኪሪን፣ እጁን ከኋላው አጣምሮ።

«ዐሥራ አምስት።»

አልዋሸሁም። መንጋጋው ዐሥራ አምስት ነው። የማን እንደሆነ የጠየቀኝ የለም።

ፊንሰንት አረንጓዴውን ለጠፈ። እስከዚህ ድረስ ማንንም አልጎዳሁም ብዬ ራሴን አጽናናሁ፤ በዚህ ሥራ ብዙ ልምድ ነበረኝ። ሌሎቹን ሁሉ አይተን ስናበቃ በመጨረሻው ጠረጴዛ ላይ የቡርጋ ቀረ። ቡርጋ ከላይኛው ተራራ ዐሥራ አንድ ላሞች ይዛ የምትኖር፣ ከወንዶቹ ሁሉ ቀድማ ከጫካ የምትገባ ሴት ናት። ያመጣችው አጋዘን አንዱ ቀንዱ የተሰበረ ምርኩዝ ይመስላል፣ ሌላው ከስንዝር አይበልጥም። ጥርሱ ግን እስከ ድዱ አልቋል።

«ዐሥራ አራት፤» አልኩ።

ኪሪን ከንፈሩን መጠጠ። «ዐሥራ አራትና ዐሥራ አምስት ጎን ለጎን? ቡርጋን ታውቃት የለም እንዴ። በአንድ ዓመት ተበለጥሽ ስትባል መንጋጋውን አምጡና ልየው ትላለች።»

«ትየዋ!»

«ምን አከራከረን? ዘጠኝ በላት። ቀይ ያለበት ሰው ድምፁን አያሰማም።»

«ሁለት ዓመት ልትታገድ?»

«ላሞች አሏት አይደል? ትለባቸው!» ቀዩን ወረቀት በአንድ ጣቱ ወደ እኔ ገፋ አደረገው። «ደሞ የማማህ መሰላል አርጅቷል። በጋ ላይ አዲስ አሠራልሃለሁ።»

ወረቀቱን አላነሣሁም፤ መልሼም አልገፋሁትም። እንዲህ ስቆም በሩ በእግር ተገፍቶ ተከፈተና ቡርጋ ትልቅ ክብ አይብ በትከሻዋ ተሸክማ ገባች።

«ገና ነን! ውጪ!» ብሎ ጮኸ ኪሪን።

«ለፍርድ አልመጣሁም፤ ፊንሰንት ያዘዘውን አይብ ነው። ለመሆኑ የኔ ሽማግሌ ምን ተባለ?»

«ጎረምሳ ሳይሆን አይቀርም እየተባለ ነው፤» አለ ኪሪን።

«ጎረምሳ!» አይቡን ጠረጴዛ ላይ ጣል አደረገችው። «አንተ ሰውዬ፣ ሦስት ቀን ቀቅዬዋለሁ እኮ! ውሻዬ እንኳ አንዴ አኝኮ ምን በደልኩሽ በሚል ዓይን አየኝ።»

ፊንሰንት ሳቁ አመለጠው። ምግብ ሲነሣ ዝም ማለት አይሆንለትም። «የሊቀመንበሩ እንደ ቅቤ ነበር እንጂ! ቢላ አላስፈለገውም፣ በሹካ ነው የበሉት። እንግዶቹ እንዲያውም...»

ዝም አለ። ዘግይቷል።

«እንደ ቅቤ?» አለች ቡርጋ። «ስንት ዓመቱ ቢሆን ነው?»

«ዐሥራ አምስት፤» አለ ኪሪን። «እኔ አይደለሁም ያልኩት፣ ዶክተሩ ነው።»

ወደ ጠረጴዛው ሄዳ መንጋጋውን አነሣች፤ እንደ ላም አፍ አገላብጣ አየችው። ከዚያ እጇ ቆመ። እኔንና መንጋጋውን እያፈራረቀች አየች፤ አፏን ከፈተችና በጣቷ ወደ ውስጥ አመለከተች።

«ዶክተር፣ ይቺን ታውቃታለህ? እኔ አፍ ውስጥ ታላቅ እኅቷ አለች።»

ኪሪን መንጋጋውን ነጠቃት። «የጥድ ሙጫ ነው! ሲያኝክ የተጣበቀበት።»

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እውነቱን ልናገር፦ ሙጫ ነው ልል ነበር። ቃሉ ምላሴ ጫፍ ላይ ነበር። ሜዳው፣ ማማው፣ የጠዋቱ ጉም፣ ሁሉም በዚያች ቃል ላይ ተንጠልጥለው ነበር። ኪሪን ግን መልሴን አልጠበቀም። ቢላውን ከወገቡ መዝዞ ነጥቧን ይፍቃት ጀመር።

«አሁን ይነሣል፤» አለ። «እንዲህ ያለ ነገር ምን ይቆያል?»

ፋቀ። ወጋ። ጥርሱ ተፈረፈረ፣ ሙሌቱ ግን ከነቦታው አለ። ላቡ ግንባሩ ላይ ወጣ፤ «ሙጫ ነው፣ ይነሣል» እያለ የቢላውን ጫፍ እንደ መፈልቀቂያ አስገባ። እኔ የተናገርኩት ስለ ፍትሕ ብዬ፣ ስለ ቡርጋም ብዬ አልነበረም። አርባ ዓመት የሠራሁበትን እጅ ነው የሰደበብኝ።

«ኪሪን፣ አትልፋ፤» አልኩት። «እኔ የሞላሁት ጥርስ አይነሣም። ሠላሳ አንድ ዓመት ፍንክች አላለም።»

ከዚያ ቡርጋ ወንበር ስባ ተቀምጣ እስክታለቅስ ሳቀች። «ወይ ዶክተር! እኛን ሦስት ወር እያስጠበቅህ እነሱን ጫካ ድረስ እየሄድክ ታክማለህ?»

ኪሪን ቢላውን ወደ አፎቱ መለሰ። ወዲያው አንድ ነገር ትዝ አለው፦ መንጋጋዎቹን ያቀያየረው የጫካ ጠባቂው መሆን አለበት። በእኛ ሸለቆ ጥፋት እንደ ድንጋይ ነው፤ ከላይ ተነሥቶ ታች ያለው ሰው እግር ላይ ያርፋል። ኪሪን እውነተኛውን መንጋጋ አምጣ ቢባል ጠፍቷል አለ። ቀይ እንዲለጠፍ ጥርስ የለ፣ አረንጓዴውም ተነሣ። ኪሪንና ፊንሰንት ተመካክረው መዝገቡ ላይ «መንጋጋ አልቀረበም» ብለው ጻፉ። ለኪሪን እገዳ የለም፤ ቢሆንም ግድግዳ የለም። የአጋዘኑ ራስ ከነአንሶላው ወደ ኪሪን ቤት ተጫነ።

ስድስት ሰዓት ላይ በሩ ሲከፈት ቡርጋ አረንጓዴዋን ይዛ ነበር፤ ደንቡም ደንብ ነውና የእሷ ሽማግሌ በዚያ ትልቅ ሚስማር ላይ ተሰቀለ። ራሱን የሚሞላለት ስላልነበረ ባዶ ቀንዱን ነው የሰቀልነው። ከአርባ አንዱ ውቦች መጨረሻ የኮት ማንጠልጠያ መሰለ። ከሰዓት በኋላ አንዱ ባርኔጣውን ሰቀለበት። ሊያነሣው ሲል ቡርጋ ከለከለችው።

«ተወው፣ ሽማግሌ ነው፣ ይበርደዋል።»

ማታ እራት ላይ ኪሪን ብርጭቆውን ይዞ ተነሣ፤ እንደ ወትሮው ስም ጠራ፣ እንደ ወትሮው አጨበጨብን። ከገደሉ በላይ ያለው ማማ ሲደርስ ትንሽ አሰበና ለወንድሙ ልጅ ሰጠው።

«ዶክተራችንን እናመሰግናለን፤» አለ። «እንግዲህ ዕድሜ ነው። መሰላሉ ይከብደዋል።»

ሰዉ ሁሉ አዝኖ ራሱን ነቀነቀ። ሃያ ስድስት ዓመት ስንቱን አጋዘን ባንድ ቃል ሳስረጅ ኖሬአለሁ፤ ሆኖም እኔ ቢያንስ አፉን ከፍቼ እመለከት ነበር።