ከምንጩ በላይ

መጥረቢያው ጉማጁ ውስጥ ተሰክቶ ቀረ። ሲልቮ እጀታውን ወደ ላይም ወደ ታችም ነቀነቀው፤ እምቢ አለ። ግራ እግሩን ጉማጁ ላይ ጭኖ ሊጎትት ሲል ጉልበቱ ጠዘጠዘውና ሁሉንም ነገር እንደነበረ ተወው። ከጓሮው ቁልቁል ሐይቁ ይታያል፤ ጭጋጉ ገና አልለቀቀውም። ከኋላው ከጥዶቹ መሀል የሰንሰለት መንኳኳትና የፍሬን ሲጥታ መጥቶ አለፈ። አንዱ ብስክሌተኛ «እንዴት አደራችሁ!» ብሎ ጮኸ። ሲልቮ ዞር ብሎ እንኳን አላየውም።

በዚህ አገር ጫካው ቁራሽ ቁራሽ ነው፤ እያንዳንዱ ቁራሽ ባለቤት አለው። በሰው ጫካ ውስጥ የብስክሌት መንገድ ያወጣ ሰው ቅጠል መርገፍ ሲጀምር ይሄድና ለባለቤቱ አንድ ቀን ሙሉ እንጨት ይፈልጣል። ማታ አረቄ ይቀዳል፣ እጅ ለእጅ ይጨባበጣሉ፣ መንገዱ ለከርሞ ተፈቀደ ማለት ነው። ሲልቮ የእትዬ ፓቭላን እንጨት ሲፈልጥ ዓመታት አልፈዋል። ዘንድሮ ግን የመጣው ሊሰናበት ነው። እንጨቱን ይጨርስና ማታ «መንገዱ ይዘጋ» ይላል፣ በቃ።

ስልሳ ሊሞላው ነው። መንገዱን አብረውት የቆፈሩት ጓደኞቹ አንዱ ወገቡን ታሞ፣ አንዱ ከተማ ገብቶ፣ ቀርተዋል። ወጣቶቹ መንዳት እንጂ መቆፈር አይወዱም። ዝናብ መታጠፊያዎቹን በሸረሸረ ቁጥር የብስክሌት ክበቡ ሊቀመንበር ማትያዥ «ችግር የለም፣ ሲልቮ አለ» ይላል። ሲልቮም አለ። ያስመረረውም ይኸው መኖሩ ነበር።

«አንተ ሲልቮ!» አሉ እትዬ ፓቭላ በመስኮት ብቅ ብለው። «አንተ ነህ እንጨቱን የምትፈልጠው ወይስ እሱ ነው አንተን? ና ብላ ይልቅ!»

ወፍራም ገንፎ ከተጠበሰ የአሳማ ስብና ከእርጎ ጋር ቀረበ። አሮጊቷ ከጫካው ምንጭ ከተሳበው ቧንቧ ብርጭቆ ሞልተው ፊቱ አስቀመጡለት። ውሃው ቡኒ ነበር።

«ይሄ ደግሞ ምንድን ነው?»

«እኔማ አንተን ልጠይቅ ብዬ ነው የቀዳሁልህ። ዝናብ በጣለ ቁጥር እንዲህ ነው። እዚህ ቤት ከተዳርኩ ጀምሮ ከዚያች ምንጭ ጠጥቻለሁ፤ እንዲህ ያለ ጉድ አይቼ አላውቅም።»

የሲልቮ ማንኪያ ገንፎው ውስጥ ቆመ። በጸደይ አንዱን መታጠፊያ ፍሬን ቦርቡሮት ውሃ ሲተኛበት፣ በግራ በኩል ቦይ ቀዶ አፍስሶት ነበር። ለጀማሪ ሁሉ መጀመሪያ የሚያስተምረው ነገር፣ ቦይ ከመክፈትህ በፊት ውሃው የሚያርፍበት ድረስ በእግርህ ውረድ የሚለውን ነው። የዚያን ዕለት ግን መሽቶበት፣ ጉልበቱም አስቸግሮት፣ አልወረደም። ነገ አየዋለሁ ብሎ ነበር።

ገንፎውን ሳይጨርሱ አብረው ወጡ። ፍለጋ አላስፈለገም። ከቦዩ አፍ የጀመረው ደለል በረገፈው ቅጠል ላይ ቡኒ መስመር አስምሮ፣ የምንጩ ድንጋይ ክዳን ሥር ሄዶ ገብቷል።

«የኔ ሥራ ነው» አለ ሲልቮ። አፈረ። ከኀፍረቱ ሥር ግን ሌላ ስሜት ብቅ አለ፤ ደስታ ነበር። ይኸው፣ ምክንያቱ ራሱ እግሩ ሥር ወደቀለት። «እዘጋዋለሁ፣ እትዬ ፓቭላ። ዛሬውኑ። የሰው ውሃ እያደፈረሱ መንዳት ነውር ነው።»

«ማን ዝጋልኝ አለህ?»

«ውሃው እኮ...»

«ውሃውን አስተካክልልኝ ነው ያልኩት። እነዚህ እብዶች እየጮኹ ማለፍ ከጀመሩ ወዲህ ከርከሮ ድንቼ ላይ ደርሶ አያውቅም። ደግሞ ሰላም ይሉኛል። ሲወድቁ ይሳደባሉ፤ እሱንም እወደዋለሁ፣ ቤቱ ሰው ያለበት ይመስላል። መንገዱን ከምንጩ በላይ አዙረው።»

«በላይማ ድንጋይ ነው! አዲስ መንገድ ማውጣት ማለት እኮ ነው። በውሃ ደግሞ ቀልድ የለም፣ እኔ ለእርስዎ ብዬ...»

«ሲልቮ፣ ደክሞህ ከሆነ ደክሞኛል በል። በውሃዬ አታሳብብ።»

ፊቱ ጋለ። አሮጊቷ ዓይናቸውን አልነቀሉለትም።

«ደክሞኛል» አለ በመጨረሻ። ለሚስቱ እንኳን ብሎት አያውቅም። እንዳያለቅስ ወደ ጥዶቹ ዞረ።

«ይደክማል እንጂ፣ ምን ታድርግ፣ ብቻህን ነዋ» አሉ እትዬ ፓቭላ። አላባበሉትም። ቀሚሳቸው ላይ የተጣበቀውን ቅጠል አራገፉና ቁልቁለቱን ጀመሩት። «መዝጋቱንም ማዞሩንም አንተ ታውቃለህ። ቦይዋን ግን አሁኑኑ ድፈናት!»

ቦዩን በድንጋይና በአፈር ደፈነው። ከዚያ የወደቀ ቅርንጫፍ እየጎተተ ወደ መንገዱ መግቢያ ሄደ። መንገድ የሚሞተው መግቢያው ሲሸፈን ነው፤ ብስክሌተኛ የሚሄደው በሚያየው ብቻ ነው። አንድ ክረምት ይበቃዋል፣ ጫካው ሌላውን ራሱ ይጨርሰዋል።

እኩሌታው ላይ ትንፋሽ ሊወስድ ቀና አለ። ዓይኑ ሳይጠይቀው ሽቅብ ሄደ። ከተጋደመው ግንድ በላይ ቢያዝ፣ በሁለቱ አለቶች መሀል ቢሾልክ፣ እዚያ ጋ ቀስ ብሎ ቢታጠፍ፣ ውሃው ወዲያ ማዶ፣ ምንም በሌለበት ገደል ይፈስሳል። ከድሮውም መንገድ ይሻላል።

«ተው!» አለ ጮክ ብሎ፣ ለገዛ ዓይኑ። ዓይኑ አልሰማውም። ቅርንጫፉን ጣለና ስልኩን አውጥቶ ማትያዥ ጋ ደወለ።

«ቅዳሜ ልጆቹን ሰብስበህ ፓቭላ ጫካ ና።»

«ልንነዳ? በደስታ!»

«ልትቆፍሩ። ከምንጩ በላይ አዲስ መንገድ ይወጣል። ዲጂኖና ዶማ ያዙ። እኔ አልቆፍርም፤ ተቀምጬ ውሃው ወዴት እንደሚሄድ አሳያችኋለሁ። ካልመጣችሁ መንገዱ ቅዳሜ ማታ ተዘጋ።»

ከወዲያ በኩል ጸጥ አለ። ሲልቮ ይህን ጸጥታ ጠንቅቆ ያውቀዋል። ስንቱን ዓመት እሱ ራሱ ነው «በቃ ተወው፣ እኔ እሠራዋለሁ» እያለ የሞላው። አሁንም ቃሉ ምላሱ ጫፍ ላይ ደረሰ። ስልኩን ጆሮው ላይ እንደያዘ ቀስ ብሎ መንገዱ ዳር ተቀመጠ፣ የሚያመውን እግሩን ዘረጋ፣ ዝም አለ።